አንዳች ያልጎደለበት ሙዚቃ

ጎረቤታችን ጋሼ ድምፅ ሳያጎድል የሚመጣ ሙዚቃ በኢንተርኔት ማድመጥ ከጀመሩ ወዲህ እኛ ተራ አድማጮች ታዝኖልናል። «የሲዲ ጥራት እኮ ነው!» ይሉናል፤ «16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት!» ቁጥሩን እንደ ዳዊት ይደግሙታል።

ታዲያ ያ ሁሉ ቢት ከኮምፒውተሩ ወደ አዲሱ አምፕሊፋየር የሚሄደው በምን ነበር? በብሉቱዝ! የተለመደው ብሉቱዝ ደግሞ ድምፁን መልሶ ይጨምቃል፤ ከፊሉንም ይጥላል። ጤፉን አበጥሮና አንጓሎ በቀዳዳ ጆንያ እንደ መጫን ነው።

«ጋሼ፣ በሽቦ ቢያገናኙት?» ብላቸው፣ «ሽቦ የድሮ ነው» ብለው ገላመጡኝ። ከወር በኋላ ግን ቁጥርን ወደ ድምፅ የሚመልሰውን ዳክ ገዝተው በዩኤስቢ ሰኩት።

አሁንስ አበቃ? የት አባቱ! ኮምፒውተሩ በ48 ኪሎኸርዝ ተስተካክሎ ኖሯል፤ ስለዚህ 44.1 የመጣውን ሁሉ እንደ ደላላ መሃል ገብቶ ወደ 48 ይመነዝረዋል። እሱንም ከማስተካከያው ገብተው አስታረቁት።

በመጨረሻ ሰፈሩን ጠርተው፣ ቡና አስፈልተው፣ «እንግዲህ ስሙ!» አሉ። ሰማን። ከተበላ ካሴት የተቀዳ የድሮ ዘፈን ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ከካሴቱ ሿሿታ አንዲት እንኳ አልጎደለችም።