ልጆቹ እኮ ታርቀዋል

ነሐሴ ሲገባ በነቀምቴና በጉቶ ጊዳ ካቶሊክ ይበዛል። የ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ በመላ አገሪቱ ካቶሊኩን ከመቶ 0.7 ነው ያለው፤ የካቶሊክ ትምህርት ቤት የምዝገባ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ግን ይህን ቁጥር አያምንም። የመካነ ኢየሱሱ ምእመን ድንገት የካቴኪስቱ የአክስት ልጅ ሆኖ ይገኛል። ኦርቶዶክሱ፣ አያቱና አንድ የጥንት አባ ምን ያህል ይዋደዱ እንደነበር ትዝ ይለዋል። ከሁሉም ሐቀኛው ሙስሊሙ ነጋዴ ነው፤ «ሲስተር ቆጣ ስለሚሉ ነው የመጣሁት» ብሎ ቁርጡን ይናገራል። እንግሊዝኛው፣ ሥርዓቱና የሲስተር ግልምጫ ይፈለጋል። እምነቱ የሚመጣው ከነዚህ በኋላ፣ ያውም ጊዜ ከተረፈ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ካፑቺን ጉልዬልሞ ማሳያ፣ አገሬው «አቡነ ማስያስ» የሚላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1852 የጉዱሩዋ አሰንዳቦ ደረሱ። በኦሮሞ አገር በቆዩባቸው ዓመታት ወንጌል ብቻ ሳይሆን የፈንጣጣ ክትባትም ይሰጡ ነበር። ክንዱን ይዞ ከተሰለፈው ውስጥ ነፍሱንም ይዞ የመጣው ስንቱ እንደሆነ እኔ እንጃ። ኋላ ላይ ካርዲናል ሆነው ያረፉት እኚህ ሰው የዛሬውን የምዝገባ ሰልፍ ቢያዩ ግን የሚደነግጡ አይመስለኝም።

ይልቅ የሚያስደነግጠው የትምህርት ቤቱ የግብረ ገብ ትምህርት ከግቢው አጥር ውጭ ሲወጣ የሚገጥመው ነው። በሁለተኛ ክፍል ሁለት ልጆች በመቅረጫ ይጣላሉ፤ አንዱ ይቧጭራል፣ ሌላው ይነክሳል። ሲስተር መሐላቸው ቆመው «በሉ ተጨባበጡ» ይላሉ። ይጨባበጣሉ። የዕረፍት ደወል ሲደወል አንድ ኪስ ቆሎ ለሁለት ተካፍለው ኳስ ሲያባርሩ ይታያሉ። እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

አያልቅም። በማግስቱ የአንደኛው አባት ቢሮ ይገባል፤ የሁለተኛው እናት ቀድማ ተቀምጣለች። «ኦቦ፣ ልጅዎ ነክሷል!» «አዴ፣ የእርስዎ ልጅ መጀመሪያ ቧጭሯል!» ከዚያ በኋላ ጭቅጭቁ የልጆቹ መሆኑ ይቀርና ወደ አጥር ወሰን፣ ካቻምና ለሠርግ ሳይጠሩ ወደ መቅረት፣ አልፎም ወደ አያት ዘር ይሄዳል። ጉማ ለፈሰሰ ደም ካሳ ለማስከፈል የተሠራ ሥርዓት መሆኑ በጀ እንጂ ለመቅረጫም ካሳ በተቆጠረ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጃርሶሊ ተጠርተው፣ ቡና ፈልቶ፣ ሦስተኛ ሰው ዋስ ሆኖ እርቅ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ባለጉዳዮቹ በመስኮት እያዩ ይስቃሉ፤ ደግሞም አብረው ነው የሚስቁት።

ይቅርታ መጠየቅስ እናውቅበታለን። «አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ» እንላለን፤ ማጥፋታችን ገና በማጣራት ላይ ነው። በዓል ሲደርስ ደግሞ «ሳላውቅ ያስቀየምኳችሁ ሁሉ» ብለን በቴሌግራም ለመንደሩ በሙሉ እንበትናለን። አውቀን ያስቀየምነው አንድ ሰው ግን ቀድሞውኑ ከቡድኑ አስወጥተነዋል።

ካቶሊኮቹ ልጆች ለመጀመሪያ ቁርባን ሲዘጋጁ ኑዛዜ መግባት አለባቸው። የስምንት ዓመት ልጅ ኃጢአት ፍለጋ ሲጨነቅ ማየት ያሳዝናል፤ ስኳር ከመላስና እህትን ከመምታት ወዲያ ጎተራው ባዶ ነው። ደጅ ቆሞ የሚጠብቀው አባት ቢጠየቅ ለክፍሉ በሙሉ የሚበቃ ነበረው፤ እሱ ግን ሥራ አለበት። ካህኑ የሰማውን እስኪሞት አያወጣም፤ ሕጉ ነው። እኛ ደግሞ የጎረቤትን ኃጢአት በአቦል ጀምረን፣ በቶና ዘርዝረን፣ በበረካ ንስሐውን እንወስንለታለን። ጎረቤት አልመጣም፣ አልጠየቀም። ቢሆንም ጉዳዩ በሌለበት ይታያል።

በዐቢይ ጾም ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ችግረኞችን ወደ መጠየቅ ይወስዳል። ደግ ሐሳብ ነው፤ የሚያስቀው እኛ ወላጆች የምናዋጣው ነው። ዚፑ የተበጠሰ ጃኬት ይመጣል፣ የተቀበለው ሰው አንድ እግር ያለው ይመስል አንድ ጫማ ይመጣል፣ የደረቀ ሳሙናም ይመጣል። ባነሩ ከስኳሩ ይከብዳል። ማታ ልጁ ሲመለስ የሚቀድመው ጥያቄ «ፎቶው ላይ አለህ?» ነው። አውቶቡስ ተከራይተን እስከ ከተማው ዳር ድረስ ሄደን የጎበኘናቸውን አሮጊት የሚመስሉ ሌላ አሮጊት ከአጥራችን ጀርባ ይኖራሉ። ለእሳቸው አውቶቡስ አያስፈልግም፤ ለዚያም ነው የማንሄደው።

ፍርደ ገምድል ላለመሆን ግን፦ በ2011 መስከረም ከጎረቤቱ የካማሺ ዞን የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ወለጋ ሲጎርፍ ብዙ ቤት በሩን የከፈተው ባነር ሳያሠራ ነው። ማን ካቶሊክ፣ ማን ጴንጤ፣ ማን ሙስሊም እንደሆነ ሰልፍ ያስያዘ አልነበረም። እንችላለን ማለት ነው። የሚያቅተን አደጋው ትልቅ ሲሆን ሳይሆን መቅረጫ ሲያህል ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ለመግባት ስትነሡ፣ መጀመሪያ ልጃችሁን «ከእገሌ ጋር እንዴት ናችሁ?» በሉት። «ማን ነው እሱ? ጓደኛዬን ነው?» ካለ ወደ ሥራችሁ ሂዱ። ለወላጆች ስብሰባ ስትመጡም ከዚያ ጓደኛ እናት አጠገብ ተቀመጡ፤ ሲስተር ደግሞ የሁለታችሁን ወንበር ቀድመው አጠጋግተውት ታገኛላችሁ።