ደርሼ ነበር እኮ!

ሰው ሳይክል የሚይዘው ላለመሮጥ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ወባ ማጥፊያ ተቀጥሬ ፓምፕ በጀርባዬ አዝዬ ከቀበሌ ቀበሌ ስኳትን ኖሬ፣ መሥሪያ ቤቱ ሳይክል የሰጠኝ ዕለት እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠርታለች፤ ልጄ ከእግር ጉዞ ተገላገለ ብላ። የዛሬ ልጆች ግን ሩጫውንም ሳይክሉንም ባንድ ላይ አጋብተው ስፖርት ነው ይሉናል። ዱአትሎን ይባላል። ትሮጣለህ፤ ሳይክል ትነዳለህ፤ ከሳይክሉ ትወርድና፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እንደገና ትሮጣለህ።

"ሁለተኛው ሩጫ ለምንድን ነው?" ብዬ የልጅ ልጄን ጠየቅሁት።

"ሕጉ ነው አባባ።"

የማን ሕግ? ስዊዘርላንድ ውስጥ ዞፊንገን የሚባል ከተማ አለ አለኝ፤ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የዚህ ነገር ዋና መናኸሪያ እሱ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ፣ 150 ኪሎ ሜትር በሳይክል ይሄዳሉ፣ ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። 150 ኪሎ ሜትር ማለት ከአርባ ምንጭ ተነስቶ ሶዶን አልፎ መሄድ ነው እኮ! ባንኩ አላቸው፣ ቸኮሌቱ አላቸው፣ ወተቱ ሞልቷቸዋል። ምን ጎድሏቸው ነው?

የእኛ ሰዎች ሩጫና ሳይክልን ቀድመው ለይተዋል። ኢትዮጵያ መጀመሪያ ኦሊምፒክ የወጣች ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ሯጭም ብስክሌተኛም ልካለች። ለየብቻ! አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ጨርሶ ሲቆም "በል ሳይክል ውጣ" ያለው የለም። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ሲወዳደርም፣ ከሳይክሉ ወረደ ማለት ወረደ ነው፤ አለቀ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ዓለምን ሁሉ ሮጦ ሮጦ እኛ ከተማ አርባ ምንጭ መጥቶ የሠራው ምንድን ነው? ሆቴል። መተኛ! የሩጫን ነገር ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

እኔን እዚህ ውስጥ የከተተኝ ስኳር ነው። ሐኪሙ "ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ይንቀሳቀሱ" አለኝ። ይንቀሳቀሱ ሲለኝ ከሲቀላ ሰፈር ሴቻ ሄጄ ዘመድ ጠይቄ፣ በባጃጅ መመለስ መስሎኝ ነበር። የልጅ ልጄ ግን የሰፈሩ ልጆች ላዘጋጁት ውድድር ስሜን ጽፎ መጣ። "አጭሩ ነው አባባ፤ 5 ሩጫ፣ 20 ሳይክል፣ 2.5 ሩጫ።" አጭሩ! መደበኛው 10፣ 40 እና 5 ነው አሉ፤ ስላልጻፈኝ ላመሰግነው ይሆን?

ልምምዱ ራሱን የቻለ ውርደት ነው። ሳይክል ያስነዳኝና "ይውረዱ! አሁኑኑ ይሩጡ!" ይለኛል፤ እግር እንዲለምደው ነው አሉ። በእኛ ሰፈር ሽማግሌ ከሮጠ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ቤት ተቃጥሏል። አንዷ ጎረቤቴ ነጠላዋን እያጣፋች እየተከተለችኝ "ማን ነው? ኧረ ማን ነው የሞተው?" ትላለች። እኔ ትንፋሽ አጥቼ መልስ አልሰጣት፤ እሷ ዝም ማለቴን አይታ እሪ አለች። ያን ዕለት ስንት ሰው ለቅሶ ሊደርስ ቤቴ መጣ። ባለቤቴ ቡና እያቀረበች "አልሞተም፤ ስፖርተኛ ሆኖ ነው" ስትል ዋለች። ከሐዘንተኛው ፊት ይልቅ የእሷ ፈገግታ ነው የቆረጠኝ።

የውድድሩ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሜዳው ደረስን። የአርባ ምንጭን ፀሐይ የሚያውቅ ከረፈደ አይጀምርም፤ በዚህስ ልጆቹን አልወቅስም። ዱንጉዛዬን ለብሼ ልሮጥ ብል "ካቴናው ይበላዋል" ብለው ከለከሉኝ። ጥበበኛ ሸማኔ በሞላበት በጋሞ ምድር፣ ላብ የማይጠጣ የፕላስቲክ ቲሸርት አጠለቁልኝ።

የመጀመሪያውን ሩጫ ተዉት። ጎረምሶቹ ፊሽካ ሲነፋ ሌባ እንዳየ ሰው ተፈተለኩ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሞላ አንዱ ጎኑን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። "አይዞህ ልጄ" ብዬው አለፍኩ። ከዚያ ቀን ሁሉ የጣመኝ እሷ ብቻ ናት።

ሳይክሉ ጋ ስደርስ ሌላ ጉድ። የራሴን ሳይክል ልይዝ እጄን ስዘረጋ፣ ጢሙ ገና ያላቀመቀመ ልጅ ፊሽካውን ጆሮዬ ላይ ነፋው። "ጋሼ! ሄልሜት ሳያስሩ ሳይክል መንካት ክልክል ነው!" በዓለም ሁሉ ሕጉ እንዲህ ነው አሉ። እሺ፣ ሄልሜቱን አጠለቅሁ። ማሰሪያው ከአገጭ ሥር ነው፤ አይታይም። ጣቴ ይንቀጠቀጣል፣ ላቤ መነጽሬ ላይ ይንጠባጠባል፣ መነጽሬ ከማሰሪያው ጋር ተጠላልፏል። ጠቅ ሊል ሲል ያመልጠኛል። ልጁ ሊረዳኝ ይፈልጋል፤ መርዳትም ክልክል ነው። ቆሞ በአገጩ ብቻ ያግዘኛል፤ እኔ ስጨብጥ እሱ አፉን ይጨብጣል። በመጨረሻ ጠቅ አለ። "አሁን ይንኩት" አለኝ። ነካሁት። "እስከ መስመሩ ድረስ ግን መውጣት ክልክል ነው፤ እየገፉ!" ምን ልበለው?

የሶዶን መንገድ ይዘን ወጣን። በስተቀኝ አባያ ቡናማ ውኃውን ዘርግቶ ተኝቷል፤ የልቡን የሚሠራ እሱ ብቻ ነው። ሙዝ የጫነ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ወደ አስፋልቱ ዳር ያንገዳግደኛል። ባጃጆቹ ደግሞ አጠገቤ ቀስ ይሉና "ጋሼ፣ ይግቡ፣ በነፃ ነው!" ይላሉ። የልጅ ልጄ ከፊት ሆኖ "ወደ መጨረሻው ማርሹን አቅልለው ቶሎ ቶሎ ይምቱት፤ ለሩጫው እግር ያፍታታል" እያለ ይጮኻል። ምክሩስ ደህና ነው፤ ማርሽ ላለው። የእኔ ፊኒክስ ሳይክል የሚያውቀው አንድ ማርሽ ነው።

እና ደረስኩ። ልብ በሉ፣ ደርሼ ነበር! ከተነሳሁበት ቦታ ተመልሼ ቆሜያለሁ፤ ውኃ አለ፣ ጥላ አለ፣ ዘመድ አለ። ሳይክሌን ሰቅዬ፣ ሄልሜቴን ፈትቼ (ሲፈታ በአንዴ ተፈታ፣ ተንኮለኛ) አንድ እርምጃ ስራመድ እግሬ የቡላ ገንፎ ሆኗል። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ኮርቻ ላይ ሳለህ ክብደትህን የያዘው ሳይክሉ ነው፤ ጭን ፔዳል ብቻ ያሽከረክራል። ስትወርድ ያ ሁሉ ሥጋ በአንዴ ጉልበት ላይ ይወድቃል፤ እግር ግን ገና ፔዳል ፍለጋ ይዞራል። እኔ ወደፊት ልሂድ እላለሁ፣ እሱ በክብ ልሂድ ይላል። ቀስ ብሎ መጀመር ነው፣ ከተወሰነ መንገድ በኋላ ይመለሳል አሉኝ። ይመለሳል እንጂ፤ እስኪመለስ ግን ሰው ሁሉ ሰክሯል ይልሃል።

ይኼ እኮ የጋሞ አገር ነው! በመስከረም 2011 ዓ.ም. የተቆጣ ወጣት ከተማውን ሊያናውጥ ሲወጣ፣ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው አስቁመውታል። አገር ሁሉ አይቶ ተደንቋል። እኔ ያቺን 2.5 ኪሎ ሜትር ስሮጥ ግን በመንገዱ ዳር ስንት እኩያዬ ቆሞ ነበር፤ አንድ እንኳ ሣር የያዘ የለም! ያጨበጭባሉ። እርጥብ ሣሩ ያስፈለገው ዛሬ ነበር።

መጨረሻ ነው የገባሁት። ከኋላዬ የነበረው የመንገድ መዝጊያውን ገመድ የሚሰበስበው ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለቴ "ልለፍዎት?" ብሎኛል። ለሽልማት አንድ ሙዝ ሰጡኝ። ለአርባ ምንጭ ሰው! ጓሮዬ ሙሉውን ሙዝ ነው። ቤት ገብቼ የቁርቁፋ ምግቤ ሳይቀርብልኝ ተኛሁ፤ ደረጃ ስወርድም ለቀናት ፊቴን አዙሬ ወደኋላ ነበር የምወርደው።

የሚቀጥለው ውድድር በጨንቻ መንገድ ነው ይላሉ። ጨንቻ! 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ፣ ብርዱና ጭጋጉ ሳይቆጠር። የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደዚህ ሲወርድ አባቴ ጓዙን ጭኖ አብሮ ወርዷል፤ ተመልሼ ልውጣ ያለበትን ቀን አላውቅም። የልጅ ልጄ ሲመጣ በሩን ዘግቼ የለሁም በሉት ብዬ ነበር። እሱ ግን እኔን ሊፈልግ አይደለም የመጣው። ትናንት በመስኮት ስሰማ ባለቤቴ "ኮርቻውን ዝቅ አድርግልኝ፤ እግሬ መሬት ይንካ" እያለችው ነው።