የእንጦጦ ወጪ

የእንጦጦ ወጪ ከዓመት ዓመት እየጨመረ መሆኑን የሰማ ሁሉ ደስ ሊለው ይገባል። ድሮ ተራራው ይህ ነው የሚባል ወጪ አልነበረውም። ጎህ ሳይቀድ ቅጠልና ጭራሮ ሊለቅሙ የሚያዘግሙ እናቶች፣ ማርያምንና ራጉኤልን የሚሳለሙ ምእመናን፣ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚጠመቁ ሕሙማን፣ ትንፋሽ ሊያጠነክሩ የሚሮጡ አትሌቶች፤ በቃ። እነዚህን ደግሞ ከወጪ የቆጠራቸው የለም። ተራራው ወጪ ማወቅ የጀመረው መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ፓርኩ ሲመረቅ ነው።

ነገሩ ከመነሻውም የማዕድ ነገር ነው። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በ«ገበታ ለሸገር» አንድ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ነበር። ለጎርጎራ፣ ለወንጪና ለኮይሻ «ገበታ ለሀገር» ሲዘረጋ እስከ 10 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚህ ወዲህ «ተራራ ላይ ማኪያቶ ተወደደ» ብሎ የሚያጉረመርም ሰው ቢኖር፣ ገበታው ለማን እንደ ተዘረጋ ያልገባው ነው። ለነገሩ እኛም ሽታው ደርሶናል፤ በቴሌቪዥን።

አሁን የኩሪፍቱ ሪዞርት ድንኳኖች ከባሕር ዛፉ መሐል ብቅ ብቅ ብለዋል። ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ መንሸራተት ለብቻው ይከፈልበታል፤ ጎካርት ለብቻው፣ ፔይንትቦል ለብቻው፣ ፈረስ ለብቻው። ትኬት መቁረጫው ጋ ሁለት ልጆቹን በግራና በቀኝ የያዘ አባወራ አየሁ። የዋጋውን ሰሌዳ ከላይ ወደ ታች አነበበው፤ ቀጥሎም ከታች ወደ ላይ። እንደዚያ ሲነበብ የሚቀንስ መስሎት ይሆናል። ትንሿ «አባዬ፣ ፈረሱስ?» ስትለው ጎንበስ ብሎ ኮቷን ቆለፈላትና «መጀመሪያ አየሩን በደንብ ሳቢ። እዚህ ዋናው አየሩ ነው፤ ሌላው ሁሉ አየር ባየር ነው» አላት። ልጅቷ ሳበች። ከኋላቸው ተሰልፈው የነበሩ ዘለግ ያሉ ሽማግሌ፣ ቅኔ ቤት ያደጉ መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል፣ ለማንም ሳይሆን እንዲህ አሉ፦

ሸገር ተሰብስቦ እንጦጦ ሲመጣ፣
ወጪው እየበዛ ስንቱን ሰው አስወጣ።

ምስጋና መሆኑን አስተናጋጁም ስለተረዳ ፈገግ አለላቸው።

ዋጋ ሲነሳ ሁልጊዜ ባለ ሪዞርቱን መውቀስ ደግሞ ደግ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብራችን ለገበያ ሲለቀቅ፣ ያለ ትኬት ዚፕላይን ላይ እንደ ወጣ ጎረምሳ ነው ቁልቁል የተንሸራተተው። ሽቦውም ጎካርቱም ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው በዶላር ነው። ብር ሲወርድ ትኬት ቢወጣ ምን ይገርማል? ይልቅ ዓለምን እንይ። የካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ በፈረንጆቹ 1955 ሲከፈት የአዋቂ መግቢያ 1 ዶላር ነበር፤ እንደ እኛው ጨዋታው ለየብቻ ይከፈልበት ነበር። ዛሬ ሰው በሚበዛበት ቀን ትኬቱ ከ200 ዶላር ያልፋል። እነሱ እዚያ ለመድረስ 70 ዓመት ግድም ፈጅቶባቸዋል። እኛ ግን በዕድገት ፍጥነት አንታማም።

ታሪኩንም ማወቅ ይበጃል። አፄ ምኒልክ ከተማቸውን እዚህ ቆርቁረው ነበር፤ ብርዱና ንፋሱ በረታ፣ ማገዶው ራቀ። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደዱና በ1879 ዓ.ም. ታች ያለውን ሜዳ አዲስ አበባ አሉት። ጃንሆይ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ቢጭኑም ግቢው ቁልቁል መሄዱን አልተወም። በዚህ ተራራ ላይ ወጥቶ የወረደ ነገር ቢኖር እንግዲህ ቤተ መንግሥት ብቻ ነው። ዋጋ ግን እንዲህ ያለ ልማድ የለውም።

ዛሬ ያም ስሕተት እየታረመ ነው። በየካ ተራሮች፣ «ጫካ» በሚባለው ፕሮጀክት፣ ቤተ መንግሥቱ ተመልሶ ሽቅብ እየወጣ ነው፤ ሰው ሠራሽ ሐይቅና ሆቴል አስከትሎ። በበኩሌ ተስፋው ይታየኛል። ቀድሞ ጫካ ለመግባት ትኬት አይጠየቅም ነበር፤ የገቡትም የከፈሉት በብር አልነበረም። አሁን ጫካ መግባት ሥርዓት ይዟል፤ ከከተማ ሳይወጡ፣ አስፋልት በአስፋልት፣ በተመቻቸ ወንበር።

ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስወርድ በቆሎ የሚጠብሱ እናት ዘንድ ቆም አልኩ። ከኮረዳነታቸው ጀምሮ ከዚህ ተራራ እንጨት ተሸክመው ያወረዱ ናቸው፤ ገመዱ ትከሻቸው ላይ የሠራው ሰንበር በነጠላቸው ሥር ያስታውቃል። «ያኔም ቢሆን ትኬት ነበረው፤ ጥበቃው ካገኘን ወይ ሳንቲም ወይ ገመዳችንን ነበር የሚቀበለን» አሉና ሳቁ።

«አሁንስ እንዴት አዩት እማማ?»

«አምሮበታል ልጄ፣ ምን ይወጣለታል! ብቻ እነዚያ ሽቦ ላይ የሚሄዱት ምን ይዘው ነው የሚወርዱት?»

«ምንም አይዙም።»

«ባዶ እጃቸውን ለመውረድ ነው የሚከፍሉት?» ማራገቢያቸውን አቆሙ። «እኛ እኮ እንጨቱን አውርደን ነው የሚከፈለን የነበረው።»

«እንዲያውም ሊሰፋ ነው አሉ፤ በየካ በኩል።»

«እዚያ ሰው የለም እንዴ?»

«ጫካ ነው ይባላል።»

በቆሎውን ገልብጠው በቅጠሉ ጠቅልለው ሰጡኝ። «እኛም ስንኖርበት ጫካ ነበር ስሙ።»