ከውጭ ነው የሚከፈተው፦ በፒያሳ ሚኒባስ በር ላይ የቀረበ ጥናት

ስለ ፒያሳ ያልተጻፈ ነገር የለም ይባላል። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ተጽፎለታል። ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ማህሙድ ሙዚቃ ቤት፣ ወርቅ ቤቶቹ፣ ማኪያቶው፣ ሁሉም የየድርሻውን ብዕር አግኝቷል። ይህን ሁሉ ሊያይ የሚመጣው ሰው ግን ከሁሉ በፊት የሚታገለው ከሚኒባስ በር ጋር ነው፤ በበሩ ላይ ደግሞ ይህ አጥኚ እስከሚያውቀው ድረስ አንድም ምሁራዊ ሥራ አልቀረበም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጉድለት ማቃለል ነው።

ጥናቱ የሚመለከተው ከአራት ኪሎ፣ ከሜክሲኮ፣ ከለገሃርና ከሽሮ ሜዳ እየጫኑ ፒያሳ የሚያራግፉትን ሰማያዊና ነጭ ቶዮታ ሃይኤሶች ነው። ዋናው ርእሰ ጉዳይ የጎኑ ተንሸራታች በር ሲሆን፣ የጋቢናው በር ለንጽጽር ያህል ይነሳል። የኋላው የዕቃ በር አልተካተተም፤ አጥኚው ሲከፈት አይቶት አያውቅም። መረጃው የተሰበሰበው በአብዛኛው ከተሳፋሪ ወንበር ላይ፣ አልፎ አልፎም ውጭ ቆሞ በሩ እስኪከፈት በመጠበቅ ነው።

አራዳ ለተሰበረ ተሽከርካሪ ያላት አክብሮት የዛሬ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በእንፋሎት የሚሄድ ማሽን ወደ አዲስ አበባ አስመጣ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ባቡሩ ተሰብሮ የቀረበት ሰፈር ደግሞ ሰባራ ባቡር ተባለ። ሌላ ከተማ ቢሆን ብረቱ ይጠገናል፣ ካልሆነም ይነሳል። አራዳ ግን ሰፈር ሰየመችለት፤ ዛሬም ወያላው ስሙን እየጠራ ሰው ይጭንበታል። ከዚህ ጋር ተያይዞ መታየት ያለበት ሌላም ማስረጃ አለ። በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል የመጣላቸው ንጉሠ ነገሥት በ1923 ዓ.ም. ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ሐውልት ሲቆምላቸው በመኪና ሳይሆን በፈረስ ላይ ነው የተቀመጡት። የታሪክ ሰዎች ይህን ከዓድዋ ጋር ያያይዙታል። አጥኚው ግን ፈረስ በር እንደሌለው ሳይጠቅስ ማለፍ አይፈልግም።

ሃይኤስ በፈረንጆቹ 1967 ከጃፓን ፋብሪካ ወጣ። እኛ ደግሞ ከዚያ ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብለን፣ በ1956 ዓ.ም.፣ በግራ መንዳት ትተን ወደ ቀኝ ተሻግረን ነበር፤ በሩ በስተቀኝ፣ ወደ እግረኛው መንገድ ዞሮ የሚገኘውም ስለዚህ ነው። የቀረው ታሪክ የእርጅና ታሪክ ነው።

የበሩ አሠራር በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። በሩ በሦስት ሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ አንዱ በመኪናው ጎን ላይ መሀል። በየሐዲዱ ውስጥ ኩሽኔታ ይሽከረከራል። እጀታው ሲሳብ በላሜራው ውስጥ የተደበቀ ቀጭን ዘንግ ይጎተታል፤ ዘንጉ በበሩ ጠርዝ ያለውን ምላስ ያላቅቀዋል፤ ምላሱም በመኪናው አካል ላይ የተተከለውንና ነክሶ የያዘውን ብረት ይለቃል። ይኸው ነው። ኩሽኔታው ሲበላ ግን በሩ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። በሩ ሲወርድ ምላሱ የሚነክሰውን ብረት አያገኘውም። ስለዚህ የፒያሳ በር በመግፋት ብቻ አይዘጋም፤ መጀመሪያ ከፍ ይደረጋል፣ ከዚያ ይገፋል፣ መጨረሻ ላይ በትከሻ ይመታል። ዘንጉን ከእጀታው ጋር ያያያዘችው ትንሿ ፕላስቲክ ስትሰበር ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ይከፈታል፤ በሩ ግን አይከፈትም። እጀታው ከዚያ በኋላ እንደ ባለሥልጣን ቃል ነው፤ ሲያዩት አለ፣ ሲይዙት አለ፣ ሲስቡት ባዶ።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ጥገና ጥበብ ይገባል። አጥኚው ጊዮርጊስ ተራ ላይ ቆሞ በቅርብ የመረመረው አንድ እጀታ ለአርኪዮሎጂ የሚበቃ ነበር። ከሥር የፋብሪካው እጀታ ጉቶ ይታያል። ጉቶው ላይ ቀይ ልባስ ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጠምጥሟል። ሽቦው እጅ እንዳይቆርጥ በጎማ ላስቲክ ቁራጭ ተሸፍኗል፤ ላስቲኩ እንዳይንሸራተት በሌላ ሽቦ ታስሯል፤ ከሁሉም ጫፍ ላይ ለጣት መያዣ እንዲሆን አንድ ብሎን ተንጠልጥሏል። እያንዳንዱ ንብርብር የአንድ ሹፌር ዘመን ነው። ከላይ ያለው ሽቦ ገና ያብረቀርቅ ስለነበር አሁን ያለው ሹፌር ሥልጣን ከያዘ ብዙ እንዳልቆየ መገመት ተችሏል።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት እንምጣ። ተንሸራታች በር ሲከፈት ወደ መኪናው ኋላ ይሄዳል፤ ሲዘጋ ወደ ፊት ይመጣል። ሜዳ ላይ በተቆረቆረ ከተማ ይህ ተራ ነገር ነው። አራዳ ግን ሜዳ አይደለችም። ቸርችል ጎዳና ከታች ተነስቶ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ እስኪደርስ ዳገት ነው። ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለት ነው፤ ከድልድዩ ወደ አራት ኪሎ መልሶ ዳገት። መኪናው ዳገት ሲይዝ የመሬት ስበት በሩን ወደ ኋላ፣ ማለትም ወደ መከፈት ይጎትተዋል። ቁልቁለት ሲይዝ ወደ መዘጋት ይገፋዋል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ በሩ ሊከፈት ይቃጣዋል፤ ፍሬን ሲይዝ ሊዘጋ ይሮጣል። ምላሱ ያለቀበት በር እንግዲህ የሚታዘዘው ለመልክዓ ምድሩ ነው። ከዚህ አንድ ሕግ ይወጣል፦ ወደ ፒያሳ የሚወጣ ታክሲ በሩ ተዘግቶ አይቆይም፤ ከፒያሳ የሚወርድ ታክሲ በሩ ተከፍቶ አይቆይም።

የሕጉ ሁለተኛ ክፍል ከባድ ነው። በሩ ተከፍቶ እንዲቆም ሐዲዱ ጫፍ ላይ መያዣ ነበረው፤ ግን እሱም አልቋል። ስለዚህ ታክሲው ቁልቁለት ላይ ሲቆም፣ የሚወርደው ሰው አንድ እግሩ መሬት አንድ እግሩ መኪና ውስጥ ሳለ፣ በሩ መመለስ ይጀምራል። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን አስቀድመው ሲወርዱ ይኸው ሆነ። ወያላው በሩን በጀርባው ደግፎ ቆመ።

«አይዞሽ ማዘር፣ ይዤዋለሁ።»

«አንተ ልጅ፣ እጄን እንዳታስቆርጠኝ።»

«ኧረ ማዘር! ይሄ በር እኔን ያውቀኛል።»

አጥኚው ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የጥናቱ ማዕከል አድርጎ ወስዶታል። ፋብሪካው ባወጣው ሥዕል ላይ እጀታው፣ ዘንጉ፣ ምላሱ፣ ኩሽኔታው ሁሉ አለ፤ የቀረ አንድ አካል ግን አለ፣ እሱም ወያላው ነው። ዳገት ላይ ከውጭ ተንጠልጥሎ በሩን የሚይዝ እሱ፣ ቁልቁለት ላይ በወገቡ የሚደግፍ እሱ፣ የትኛው ሽቦ ስንት ጣት ያህል ተስቦ ወደየት እንደሚጠመዘዝ የሚያውቅ እሱ ብቻ። ወያላ ሂሳብ ይቀበላል፣ ይጣራል ሲባል እንሰማለን፤ እነዚህ ግን ትርፍ ሥራዎቹ ናቸው። ዋና ሥራው መቆለፊያ መሆን ነው። ማስረጃ የሚፈልግ ወያላው ለሳንቲም ዝርዝር ወርዶ ሱቅ የገባ ጊዜ በሩ ተዘግቶ ውስጥ የቀሩትን ተሳፋሪዎች ፊት ይመልከት። አስተማሪ ይኖራል፣ ነጋዴ ይኖራል፣ ምናልባትም መሐንዲስ ይኖራል። ሁሉም በየተራ እጀታውን ይሞክራል። ልጁ ሲመለስ በአንድ እጅ፣ ዝርዝሩን እየቆጠረ፣ ይከፍተዋል።

በመዝጋት ረገድ፣ እንደ መጻሕፍት ትርጓሜ ሁሉ፣ የላይ ቤትና የታች ቤት አለ። የላይ ቤቶች በሩ በኃይል ካልተወረወረ አይነክስም ይላሉ። የታች ቤቶች በኃይል የተወረወረ በር ከሐዲዱ ይወጣል ይላሉ። ችግሩ ሁለቱም ቤቶች አንድ ታክሲ ውስጥ መገኘታቸው ነው። ተሳፋሪው በእርጋታ ሲዘጋው ወያላው «አልገጠመም ፋዘር፣ ጠበቅ አርገው!» ይላል። ጠበቅ ሲያደርገው ሹፌሩ በስፖኪዮው እያየ «ምነው ጋሼ፣ በሩ ምን በደለህ?» ይለዋል። ሁለቱንም የሚያስማማ ኃይል መኖሩ በጥናት አልተረጋገጠም። ልምድ ያለው የአራዳ ሰው ለዚህ ነው ገብቶ የሚቀመጠውና በሩን እንዳላየ የሚሆነው። ይህን ስንፍና ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ አጥኚው ግን ጥበብ ነው ባይ ነው።

የጋቢናው በር ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይገባዋል፤ እዚህ ባጭሩ እንለፈው። ከውስጥ አይከፈትም። ተሳፋሪው መስታወቱን አውርዶ፣ እጁን አውጥቶ፣ ከውጭ ይከፍታል። መስታወቱን ለማውረድ ማዞሪያ ያስፈልጋል፤ ማዞሪያው በሩ ላይ የለም፣ ሹፌሩ ፊት ለፊት ካለው ጨርቅ ሥር ተቀምጧል። ለሁለቱም በር የሚያገለግለው እሱ አንዱ ነው። እሱም የጠፋ እንደሆነ ፒንሳ አለ። በዚህ የተነሳ መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ አያውቅም፤ በነሐሴ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ቀኝ ትከሻው ለምን እንደሚረጥብ የሚያስረዳው ይህ ነው።

እጀታው ለምን አይቀየርም? ይህ የኢኮኖሚ ጥያቄ ነው፤ ቧልት የሚመስለው ግን መልሱ ነው። የታክሲ ባለቤት በአብዛኛው መኪናውን ለሹፌር ሰጥቶ በቀን የተቆረጠ ገቢ ይቀበላል። ከገቢው በላይ የተገኘው ለሹፌሩና ለወያላው ነው። ሞተር ሲወርድ የባለቤቱ ነው፤ ጎማ ሲተነፍስ የሹፌሩ ነው። እጀታ ግን መሀል ላይ ወደቀ። ባለቤቱ «ይህችን እንኳ አንተ አድርጋት» ይላል። ሹፌሩ «በሩ የኔ ነው እንዴ?» ይላል። ወያላው ዝም ይላል፤ በር በራሱ የሚከፈት ከሆነ እሱ ለምን ያስፈልጋል? ሦስቱ በጋራ የሚስማሙበት ብቸኛ ቁሳቁስ ሽቦ ነው።

ይሁንና የሚቀይር አይጠፋም፣ በተለይ ቦሎ ሲደርስ። ያን ጊዜ ወደ ሶማሌ ተራ ይወረዳል። ሶማሌ ተራ ላይ የሚገኘው እጀታ ከአንድ አሮጌ ሃይኤስ ወርዶ ለሌላ አሮጌ ሃይኤስ የሚሸጥ ነው። ድካሙም አብሮ ይሸጣል።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ መልክ እንደተለወጠ አንባቢ ያውቃል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፣ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፣ መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በዛ። ትልልቅ ሰዎች የድሮዋን ፒያሳ በፎቶ ይፈልጓታል። አጥኚው እነዚህ ሰዎች አንድ ታክሲ ውስጥ ገብተው በሩን ከውስጥ ለመክፈት እንዲሞክሩ ይጋብዛል፤ ምንም እንዳልተነካ ያገኙታል። ቅርስ ይመዘገብ ቢባል መመዘኛው ዕድሜ፣ ብርቅነትና የእጅ ሥራ ነው። በሩ ብርቅነቱ ላይ ብቻ ይወድቃል።

በሩ በቅርቡ እንደማይለቀንም የአገሪቱ ሕግ ራሱ ያረጋግጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። የመጣው መጥቷል፤ ያለው ይታሰራል፣ ይበየዳል፣ ግራሶ ይቀባል። በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሚኒባሶችም መታየት ጀምረዋል። በራቸው ገና ስላላረጀ ለጥናት አልበቃም።

እስከዚያው ለተሳፋሪው የምንለው ይህን ነው። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ስትወርድ በሩ አጠገብ የተቀመጥክ እንደሆነ ጣትህን ከጠርዙ አርቅ፤ ጋቢና ከገባህ መጀመሪያ ማዞሪያው የት እንዳለ ጠይቅ፤ «ወራጅ» የምትለውን ከምትወርድበት በፊት አስቀድመህ በል፣ በሩ ጊዜ ይፈልጋል። ሂሳብህንም ቀድመህ ክፈል፤ ወያላው ሁለት እጁ በሩ ላይ ነው።