ጋሼ፣ «አውቀዋለሁ» ይበሉልኝ

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እትዬስ እንዴት ናቸው? ጉልበትዎን የሚይዝዎት ነገር ለቀቀዎት ወይስ ክረምቱ አባሰው? ሰሚት ፔፕሲ ጋር ጥላው ሥር የሚቀመጡት ደላሎች ሁሉ ደህና ናቸው? ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ ዱቤዬን ተወችልኝ ወይስ አሁንም ታነሳዋለች? እኔ ከእናንተ ናፍቆትና ከዚህ አገር ብርድ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ሰላምታውን እንዲህ ያስረዘምኩት እልህ ይዞኝ ነው። እዚህ ደብዳቤ አጻጻፍ አስተምረውኛል፤ ፈተና ላይም ይመጣል። አንድ ቀን አስተማሪያችን «የቤታችሁ ማሞቂያ ተበላሽቷል፤ ለአከራያችሁ ጻፉ» አለችን። እኔም በአገር ወግ ጻፍኩ። የአከራዩን ጤና ጠየቅኩ፤ ሚስቱንና ልጆቹን ጠየቅኩ፤ ሌሎቹ ተከራዮች ኪራዩን በጊዜ እንዲከፍሉት ተመኘሁለት። መጨረሻ ላይ፣ ቅር እንዳይለው ለስለስ አድርጌ፣ ማሞቂያዋ ትንሽ እንዳስቸገረች ጠቀስ አደረግኩ። አስተማሪዋ በቀይ እስክሪብቶ ከላይ ጀምራ ሰርዛ ሰርዛ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ተወችልኝ። «ስለ ሚስቱ ማን ጠየቀህ?» አለች። ሚስቱ እንኳ ደህና ናት ወይ ያልተባለ ሰው በምን ልቡ ማሞቂያ ይጠግናል? የሰሚት አከራይ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢደርሰው በማግስቱ ሠራተኛ ይዞ ከች ይል ነበር። (እርግጥ የሰሚት አከራይ ማሞቂያ የለውም፤ ነገሩ ግን ይገባዎታል።)

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከባለቤቴ ጋር ለመኖር የተሰጠኝ ፈቃድ ጊዜ አለው፤ ያልቃል፣ ይታደሳል። በእኛ በደላሎች ቋንቋ ኪራይ ነው። አሁን የምሯሯጠው ካርታውን በእጄ ለማስገባት ነው፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ማለቴ ነው። በመደበኛው መንገድ የሚጠይቅ ሰው 5 ዓመት መቀመጥና የ60 ወር የጡረታ መዋጮ መክፈል አለበት። የእኔ ባለቤት የጀርመን ዜጋ ስለሆነች 3 ዓመት ይበቃኛል፤ ትዳሩ ካልፈረሰና ቋንቋውን «ቤ አይንስ» እስከሚሉት ደረጃ ካወቅኩ።

እሷ ደግሞ የእነሱን ዜግነት ስትወስድ የእኛን አጥታለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጃችን ሁለት አይፈቅድም። ጀርመኖቹ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፈለጋችሁትን ጨምራችሁ ያዙ ብለዋል፤ የእኛው አዋጅ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ስለዚህ እዚህ የውጭ አገር ሰው እኔ ነኝ፤ ቦሌ ስንወርድ ቢጫ ካርዷን የምታወጣው እሷ ናት። በዚህ ትዳር ውስጥ ሁሌም አንዳችን እንግዳ ነን።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ ጋሼ፣ ደላላ አፉን ሲያጣ ምን እንደሚመስል ያስቡት። ውኃ ለሁለት ሳምንት ያልመጣበትን ኮንዶሚኒየም «አየሩ ተስማሚ ነው» ብዬ ያከራየሁ ሰው፣ ዳቦ ቤት ገብቼ በጣቴ እጠቁማለሁ። ከመምጣቴ በፊት ስድስት ኪሎ፣ ጎተ ኢንስቲትዩት ሄጄ የመጀመሪያውን ደረጃ ስፈተን ያስታውሱኛል። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለትዳር ጓደኛ የሚሄድ ሰው፣ ሕጉ ነጻ ካላደረገው በቀር፣ ከመሳፈሩ በፊት ይችን ደረጃ ማለፍ አለበት፤ ከ100 ነጥብ 60 ያስፈልጋል። ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ የሚኖሩበት ቦታ፣ ሥራ እያሉ ራስዎን ያስተዋውቃሉ። ሥራዬን «ማክለር» አልኩ፤ ቤት አሻሻጭ ማለት ነው። ፈታኟ ከረባት ያሰረና መኪና የሚነዳ ሰው ታይቷት መሰለኝ በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች። እኔም አላረምኳትም።

እዚህ ስደርስ ደግሞ የባሰው ትምህርት ጀመረ። ኢንተግራሲዮን ኩርስ ይሉታል፤ 600 ክፍለ ጊዜ ቋንቋ፣ 100 ክፍለ ጊዜ ደግሞ ስለ አገሩ ሕግና አኗኗር። የሁለተኛው ፈተና ጥያቄዎች አስቀድመው የታወቁ ናቸው፤ ከ310 ጥያቄ 33ቱ ይመጡልዎታል፤ ኩርሱን ለማለፍ 15 መመለስ ይበቃል። በርሊንን የከፈለው ግንብ በ1961 እ.ኤ.አ. እንደተሠራ፣ አገሩ 16 ክፍላተ ሀገር እንዳለው፣ ለፋሲካ እንቁላል ቀለም እንደሚቀባ አሁን ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ እመልሳለሁ። እግረ መንገዴን ደግሞ እዚህ ለውሻ ግብር እንደሚከፈል ሰማሁ። የሰሚት ውሾች ይህን ቢያውቁ ሌሊቱን ሙሉ እንደዚያ ራሳቸውን አያስቆጥሩም ነበር።

የንግግሩን ፈተና ግን እርስዎ ቢያዩት። ሁለት ሰው ተቀምጦ አንድ ነገር በጋራ ያቅዳል። ስንለማመድ የእኔ ጥንድ አንድ ሶርያዊ ፀጉር አስተካካይ ነበር። «የክፍል ጓደኛችሁ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ጥየቃውን አቅዱ» ተባልን። ባዶ እጅ አይኬድም አልኩ፤ እሱም አይኬድም አለ። ክፍሉ በሙሉ እንዲሄድ፣ ምግብ በሰሃን ሳይሆን በድስት እንዲጫን፣ ሌሊት የሚያስታምም ሰው በተራ እንዲያድር ወሰንን። በአንዲት ደቂቃ ተስማማን። አስተማሪዋ ግራ ገባት፤ «ሆስፒታሉ አያስገባችሁም፤ አበባ ይበቃል» አለች። ከሶርያዊው ጋር ተያየን። ቀጥላም «ቶሎ አትስማሙ፤ ተከራከሩ፤ ሐሳብ አቅርቡ፤ አንተ ደግሞ ተጨማሪ ተናገር» አለችኝ። ጋሼ፣ ደላላን ተጨማሪ ተናገር የሚል ሰው በዕድሜዬ አጋጠመኝ! ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ። ሁለት በመቶ ያለበት ይመስል ስለ አበባው ተከራከርኩ።

ውጤቱ መጥቷል፤ ቤ አይንስን አልፌአለሁ። እትዬ እልል ይበሉልኝ፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ፤ ወረቀቱ ገና ነው።

ወረቀት ስል፣ ያኔ በቪዛው ጊዜ የመጣውን ጠበቃ ያስታውሱታል? ጀርመኖቹ ከእኛ አገር የሄደን ሰነድ ማኅተም አይተው ብቻ አይቀበሉም፤ እውነት መሆኑን እዚያው የሚያጣራ ጠበቃ ይመድባሉ፤ ወጪውን የሚሸፍነው ባለጉዳዩ ነው። ሰውየው ጥቁር ፋይል ይዞ ጥላው ሥር መጣና ስሜን ጠርቶ፣ እዚህ ይኖር እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት አግብቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀዎት። እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው «እንዲህ የሚባል ሰው በሰፈራችን ኖሮም አያውቅ» አሉት። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለሙሽራውም ለሙሽሪትም ሁለት ሁለት ምስክር ይላል፤ ከአራቱ አንዱ ሆነው የፈረሙት እርስዎ ነበሩ! አልቀየምኩም። ፋይል ይዞ ስለ ሰው ለሚጠይቅ እንግዳ «አዎ፣ ያ ቤቱ ነው» ብሎ የሚጠቁም ደላላ ሰፈር ውስጥ ሁለተኛ አይታመንም። ቢሆንም ጠበቃው ይህንኑ ሊጽፍ ሲነሳ ያዳነችኝ ባለ ጀበናዋ ናት። የዱቤ ደብተሯን ዘርግታ፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር ስንት ስኒ እንደጠጣሁና እንዳልከፈልኩ ገጽ በገጽ አሳየችው። ከወረዳ የወጣ መታወቂያ ያላሳመነውን ሰው የቡና ዕዳ አሳመነው።

አሁን የገጠመኝ ከዚያ ይረቅቃል። እዚህ ፋይሌን የያዘችው ሴት ወረቀቶቼን ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። የጋብቻ ሰርተፊኬቱ ቦሌ ክፍለ ከተማ ይላል፤ በኋላ ያወጣሁት የነዋሪነት ማስረጃ ለሚ ኩራ ይላል። «መቼ ነው ቤት የቀየርከው?» አለችኝ። አልቀየርኩም አልኳት። ከተማው ከቦሌና ከየካ ቆርሶ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሲያቋቁም እኔ ቤቴ ተቀምጬ ቡና እየጠጣሁ ነበር፤ የሄደው ክፍለ ከተማው ነው። በጀርመንኛዬ ሳስረዳት «ሰፈሩ ሄደ» ሆኖ ወጣ መሰለኝ፣ ብዙ ነገር ጻፈች።

ይህንን አለፍን። ከዚያ የልደት ቀኔ ላይ ደረሰች። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከሌላው ቀን ሁሉ መርጣ በ1979 ጳጉሜን 6 ወለደችኝ፤ በአራት ዓመት አንዴ በምትመጣው። ፓስፖርቴ ይህንኑ በትክክል ገልብጦ መስከረም 11፣ 1987 እ.ኤ.አ. ይላል። የልደት ካርዱን የሞላው ሰው ግን ስድስተኛዋን ጳጉሜን ረስቷት ይሁን ቸኩሎ፣ መስከረም 10 ብሎ አስቀምጧል። ሴትዮዋን አስራ ሦስተኛ ወር አለን፤ እሱም አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ ስድስት ቀን ይሆናል አልኳት። በጣቷ ቆጠረች። ወደ ማያ ገጿ ዞረች። ከዚያ በጣም በትህትና «ከእነዚህ ከሁለቱ ሰዎች ቋሚ ፈቃዱን የሚጠይቀው የትኛው ነው?» አለችኝ። ታናሹ ልበላት? በአንድ ቀን ይበልጠኛል።

እንግዲህ ጋሼ፣ የምለምንዎት ይህን ነው። እዚህ ፍራንክፈርት ካለው ቆንስላችን ለእርስዎ ውክልና አስጽፌአለሁ፤ በዘመዴ እጅ ይደርስዎታል። መጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ወስደው ያረጋግጡት። ከዚያ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ይውሰዱት። ከዚያ በኋላ ነው ለሚ ኩራ፣ ወረዳችን ሄደው የልደት ካርዱ ይታረም የሚሉት። የታረመው ሲወጣ ደግሞ ተመልሰው ውጭ ጉዳይ ያሳትሙት። አንዲት ቀን ለማስተካከል ስንት ቀን እንደሚሄድ እኔም ይገባኛል፤ ያለ ማኅተሙ ግን እዚህ አያዩልኝም። የወረዳውን ጸሐፊ ደግሞ አጠር አድርጎ እንዲጽፍ ይንገሩልኝ፤ ቃለ መሐላ የፈጸሙት ተርጓሚዎች እዚህ የሚያስከፍሉት በመስመር ነው።

እዚያ ስለ እኔ ቢጠይቁዎት፣ እባክዎን፣ ጠያቂው ፋይል ቢይዝም፣ ከረባት ቢያስርም፣ «አውቀዋለሁ» ይበሉ። የተወለድኩበትን ቀን ከጠየቁዎት ጳጉሜን 6 ነው፤ 5 አይደለም፤ መስከረም 1ም አይደለም። ያገባሁት አንዴ ነው። ሌላ ነገር ከጨመሩብዎት ግን እንደ ልማድዎ ጆሮዬ አይሰማም ይበሏቸው።

ስለ ድካምዎ ኮሚሽንዎን አልረሳሁም። ኮሚሽን የሚከፈለው ግን ጉዳዩ ሲያልቅ ነው፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ለቀብድ ያህል ከውክልናው ጋር አንድ ወፍራም ጃኬት ልኬአለሁ፤ ከሰፋዎት እትዬ ያስጠብቡት።

አክባሪ ልጅዎ