የቺፑድ ኮመዲኖ ጥገና ይገባዋልን? አጭር ጥናት

የዘርፉ ጠበብት (እኔና ረዳቴ) እንደምንስማማበት፣ ለጥገና የሚመጣ ዕቃ ከሁለት አንዱ ነው፤ ዋንዛ ወይም ቺፑድ። ዋንዛ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኮርዲያ አፍሪካና፣ ለመላጊያ የሚገራ፣ ምስጥ እምብዛም የማይደፍረው እንጨት ነው። ፍሬው ስለሚያጣብቅ ለማጣበቂያም ያገለግላል፤ ዛፉ ኮላውን ሳይቀር ይዞ ተፈጥሯል ማለት ነው። ቺፑድ በሙጫ የተጋገረ ሰጋቱራ ነው፤ ውሃ ሲነካው እንደ ድፎ ይነፋል፣ ብሎን አንዴ ከለቀቀ ዳግም አይዝም። ለዋንዛ ያለቀሰ ደንበኛ አላጋጠመንም። የሚለቀስለት ቺፑዱ ነው።

ናሙናችን በባጃጅ የመጣ ባለ ሦስት መሳቢያ ኮመዲኖ ነው። አንድ እግሩ በጡብ ተተክቷል (ጡቡም አብሮ መጥቷል)። ላዩ ላይ የሻማ ጠባሳ፣ ጎኑ ላይ ከማስቲካ የወጣ የኳስ ተጫዋች ፎቶ አለ።

«እትዬ፣ ይህን ማደስ 4,500 ብር ይፈጃል፤ ቆራሌው ግን ቢበዛ 200...»

«የእናቴ ነው።»

በአጠናን ዘዴያችን መሠረት ይህ መልስ ዋጋ ከተነገረ በኋላ በስንት ሰከንድ እንደመጣ ይለካል። ከአምስት ሰከንድ ከዘገየ ዕቃው ይመለሳል፤ ከፈጠነ ቀብድ እንቀበላለን። ዋጋው ሳያልቅ የመጣ መልስ ግን ከመለኪያችን ውጭ ነው።

«አድስልኝ ወንድሜ። ግን እንዳትቀይረው።»

ጠባሳው ይቆይ ተባለ፣ ተጫዋቹም ይቆይ። የጡቡ ጉዳይ በይደር ተያዘ። የላይኛው መሳቢያ ሲሳብ ይጮኻል፤ ይህ ለብቻው ተነሣ። ስኳር የሚቀመጠው እዚያ ነበር፤ እናትየው ጓዳ ሆነው ሌባ የሚይዙት በጩኸቱ ነው። ሌባዋ አሁን ስልሳ ልትደፍን ነው።

እግሩን ተከልን፣ ያበጠውን ጀርባ በኮምፔርሳቶ ለወጥን። በአሥረኛው ቀን እትዬ መጥተው መሳቢያውን ሳቡት። ዝም። ረዳቴ ለሙያው ታማኝ ስለሆነ መሄጃውን ሻማ ቀብቶታል።

መልሰው ዘጉት፣ ደግመው ሳቡት፣ እኔን አዩኝ።

ሻማን በፈላ ውሃ ማስለቀቅ ይቻል ነበር፤ ቺፑድ ባይሆን። በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን፣ መሄጃውን በስስ ልጥፍ አጥብበን፣ ሁለት ቀን ስንስብና ስንመልስ ዋልን። ሒሳቡ ላይ «ጩኸት፣ 900 ብር» ተብሎ የሰፈረው ይህ ነው። የመጀመሪያው ድምፅ «ይሄ የበር ነው» ተብሎ ተጣለ። ሁለተኛው ቀጥኗል ተባለ። በሦስተኛው ላይ እትዬ እጃቸውን ከመሳቢያው ቶሎ አነሡ።