ስለ «ብኝ» አጭር ጥናት

ስኮትላንዳውያን ፍቅረኛን አታሎ መጣልን «ቢገንክ» ይሉታል። ለአንድ ክህደት አንድ ሙሉ ቃል ማውጣት ብክነት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚመላለስ ሚኒባስ ውስጥ ጆሮውን ጥሎ የሰነበተ ሰው እንደሚያውቀው፣ አማርኛ ለዚሁ ሥራ አንዲት «ብ» ትበቃዋለች። «አገባች» የምሥራች ነው፤ ዳስ ይጣላል። «አገባችብኝ»ም ያው ዳስ ነው፤ ተናጋሪው ግን ከውጭ ቆሟል።

«ብ» ስታጥረን ከጦር ሜዳ እንበደራለን፦ «ከዳኝ»፣ «ልቡ ሸፈተ»። ወታደርም ይከዳል፤ ለእሱ ግን ሕግ ወጥቶለታል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በዚሁ በወሎ ቦታዎች መጠራታቸውም በአጋጣሚ አይመስለንም። ይህን ሁሉ «ብኝ» የሚሸከም ዜማ ያስፈልግ ነበር።

ምርምር የሚገባው ግን «ገተረኝ» ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወርዳ 1,850 አካባቢ። ስለዚህ በነሐሴ ጉም ደሴ ፒያሳ መገተርና ኮምቦልቻ ጥላ ሥር መገተር፣ ግሱ አንድ ቢሆንም ጉንፋኑ አንድ አይደለም።

አንድ ልጅ ኮምቦልቻ ጭማቂ ቤት ሁለተኛ አቮካዶውን አዝዞ ይደውላል።

«የት ደረስሽ?»

«ሐረጎን እየወረድኩ ነው፣ ወላሂ!»

ከድምጿ ኋላ ሙቀጫ ይሰማል። ሚኒባስ ውስጥ ቡና አይወቀጥም። ልጁ ግን «ሹፌሩን ቀስ በል በይው፣ ጠመዝማዛ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋ። (በሳምንቱ እሷ ዘጋችው። «ዘጋችኝ» ሲል ስለ ስልክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት «ብሎክ አደረገችኝ» ላይ አልደረሰም፤ ያኔ ስልክ ግድግዳ ላይ ነበር።)

የተበዳዩ ሰዋስው እንዲህ ሲንበሸበሽ የበዳዩ ድኻ ነው። «ከዳሁት» የምትል፣ «ገተርኳት» የሚል አልተገኘም። «ሸወድኳት» የሚል ጎረምሳ አለ፤ እሱ ግን ጓደኞቹ ፊት ይፎክራል እንጂ አይናዘዝም። በዳይ ሲጠየቅ መልሱ አንዲት ናት፦ «ተለያየን»። ሥራው የሁለቱም እኩል ሆነ ማለት ነው። ያ ልጅም ጭማቂ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ሳያውቀው ተለያይቷል።

«ገተርኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» የምትል ወይም የሚል ያገኘ አንባቢ ይጠቁመን። ሐረጎ ላይም ብትሆን ወጥተን እንቀርጻታለን።